የማይድን የእግር ቁስልና የጤና መድን ደብተር፦ ጅማ ላይ ምኑ ይሸፈናል፣ ምኑ ከኪስ ይወጣል?

አዌቱ_ማዶ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድንንም፣ የቆየ ቁስልንም የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነው። ታማሚዋ የ58 ዓመት እናት ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ቀኝ ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ቁስል ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል። የመድን ደብተራቸው ታድሷል፤ የወጣው ግን ከቀርሳ ወረዳ ነው። አሁን የሚኖሩት ጅማ ከተማ ልጃቸው ቤት ነው። ደብተሩ ጅማ ላይ ይሠራል ወይ? በየቀኑ የሚደረገው የቁስል ጠረጋ ይሸፈናል ወይ? «ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባልስ ብሩ የሚመለስበት መንገድ አለ?

የመድን_ዴስክ
እንደ ቅደም ተከተሉ ከደብተሩ ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ይህ መድን በወረዳ (በከተማም በከተማ አስተዳደር) የተደራጀ ነው። የቀርሳ ቋት (የአባላቱ መዋጮ የሚጠራቀምበት) ውል ያለው ከራሱ ወረዳ ጤና ጣቢያዎችና ውል ከገባላቸው ሆስፒታሎች ጋር ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ የቀርሳ ደብተር ይዞ ለመጣ ሰው አገልግሎት ቢሰጥ ሂሳቡን የሚልክለት ወረዳ የለውም። ካርድ ክፍል ያሉት ልጆች የሚመልሷችሁ ለዚህ ነው፤ እነሱ ጋ መጨቃጨቅ ጥቅም የለውም።

ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አሁን የሚሠራው ነው፦ የቀርሳ ከተማ በሆነችው ሰርቦ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ደብተሩ ላይ የተጻፈው ጤና ጣቢያ ሄደው ታይተው ሪፈር (የመላኪያ ወረቀት) ያጽፋሉ፤ በሪፈሩ ወረዳው ውል ወዳለው ሆስፒታል ይሄዳሉ። የሰርቦ መንገድ አስፋልት ስለሆነ ለአንድ ቀን አይከብድም። በየቀኑ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ጠረጋውን ሪፈሩ ላይ ከተጻፈው ሆስፒታል ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ዘላቂው ነው፦ የሚቀጥለው የእድሳት ወቅት ሲደርስ አባልነታቸውን ወደ ጅማ ከተማ ማዛወር። ልጃቸው የከተማው አባል ከሆነ እናቱን እንደ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል ማስመዝገብ ይችላል። በመደበኛው መዋጮ የሚካተቱት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ወላጅና ሌላ አብሮ የሚኖር ዘመድ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል። ምዝገባው የሚከፈተው በዓመት አንዴ ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ቀኑን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ያዙ። ለአዲስ አባል የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለና እንደሌለም አብራችሁ ጠይቁ፤ አለ ካሏችሁ የቀርሳው ደብተር ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ እንዳይቋረጥ አድርጉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ድንገተኛ ሕመም ነው።

ፋሻና_ጎዝ (ነርስ)
የጠረጋውን ጉዳይ እኔ ልውሰደው።

አዎ፣ ይሸፈናል። ቁስል ማጠብ፣ የሞተ ሥጋ ማንሳት፣ ማሸግ ሁሉም ውል ባለው ተቋም ውስጥ እስከተሠራ ድረስ በመድኑ ውስጥ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዕቃው ነው። የአንድ ቀን ጠረጋ ምን እንደሚበላ ቁጠሩት። ስፋቱ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቁስል ሁለት ጥንድ ጓንት (አንዱ አሮጌውን ፋሻ መፍቻ፣ ሌላው ለማሸጊያ)፣ ከ4 እስከ 6 ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ)፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የቁስል ማጠቢያ ጨው ውኃ)፣ አንድ የ10 ሴንቲ ሜትር ፋሻና ጥቂት ፕላስተር ይሄዳል። በየቀኑ ከሆነ በአንድ ወር 60 ጥንድ ጓንት፣ ከ120 እስከ 180 ጎዝ፣ 30 ፋሻ ማለት ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ይህን ለአንድ ሰው ሲያወጣ ሌላው ተሰላፊ ባዶ ይቀራል። «ጎዝ ይዛችሁ ኑ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ግን ሁሉም ቁስል በየቀኑ አይፈታም! ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ብዙ ፈሳሽና መግል ያለው ቁስል በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ ይታያል። ንጹሕ ሆኖ ቀይ ሥጋ መሙላት የጀመረ ቁስል ግን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ቢፈታ ይበልጥ ይድናል፤ በየቀኑ ፋሻው ሲነጨ አዲሱ ሥጋም አብሮ ይነጫል። ከላዩ በቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ከተደረገ አይጣበቅም። «ስንት ቀን ልቆይ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አስጽፉት። ዕቃውም ይተርፋል፣ የመጓጓዣ ብርም።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ የምታፈሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። አረፋው የጸዳ ይመስላል እንጂ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይገድለዋል። ቤታዲንም ለዘወትር አይደለም። የጸዳን ቁስል ለማጠብ ሳላይን ይበቃል።

ኮፌ_ሰፈር
እኔ የማየው ሌላ ነው። ደብተሩን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ምርመራው ነጻ፣ መድኃኒቱ ከውጭ። ሳላይን ከውጭ፣ ፀረ ተሕዋሲ (አንቲባዮቲክ) ከውጭ። ታዲያ መዋጮው ለምን ተከፈለ? ለካርድ ከሆነ ካርዱን በጥሬ ገንዘብ መቁረጥ ይቀላል።

ጊቤ_ፋርማሲ
ኮፌ፣ የምትለው አለ፤ መደምደሚያህ ግን አይገጥምም። መድኃኒት ለምን እንደሚጠፋ እንይ።

ተቋሙ የሚሠራው እየሸጠ እየገዛ ነው። የመድን አባል ሲታከም በእጅ የሚከፍለው የለም፤ ተቋሙ ሂሳቡን ጽፎ ለወረዳው ይልካል፣ ወረዳው ደግሞ የሕክምና መዝገቡን አስመርምሮ በየሩብ ዓመቱ ይከፍላል። ክፍያው ከዘገየ ተቋሙ የሚገዛበት ብር የለውም። ብሩ ቢኖረውም ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የጅማ ቅርንጫፍ ያዘዘው ሁሉ አይመጣለትም፤ ያን ጊዜ ከግል አቅራቢ በጨረታ ይገዛል፣ ያም ወራት ይፈጃል። አባሉ በመስኮት በኩል የሚሰማው «የለም» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚጠቅመው። «የለም» ሲባሉ ዝም ብለው አይውጡ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ በተቋሙ እንደሌለ ይጻፍ፤ የፋርማሲው ባለሙያ ይፈርም፣ ማህተም ይረፍበት፣ ቀን ይኑረው። መድኃኒቱ በዋና ስሙ ይጻፍ፤ የፋብሪካ ስም የተጻፈበት ማዘዣ ውድ ያስገዛል። ከዚያ ወረዳው ውል የገባለት የቀይ መስቀል ወይም የማህበረሰብ ፋርማሲ እንዳለ ጠይቁ፤ ካለ ከዚያ በደብተር ይወሰዳል። ከሌለና ወረዳው ገንዘብ የሚመልስ ከሆነ ከግል ገዝታችሁ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ያዙ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ የገዢው ስም ከደብተሩ የሚለይበት፣ «መድኃኒት» ብቻ ተብሎ ዝርዝር የሌለበት ደረሰኝ ተቀባይነት አያገኝም። ለማስመለስ ስትሄዱ ደብተሩን፣ ማህተም ያረፈበትን ማዘዣ፣ ደረሰኙንና የሪፈሩን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ መመለስ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ አረጋግጡ።

ስለ መዋጮው ጥቅም ደግሞ፦ አንድ የስኳር እግር አልጋ ይዞ ቢተኛ፣ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ ራጅ፣ ደም፣ የአልጋ ቀን ሁሉ ሲደመር ከዓመት መዋጮ ጋር አይወዳደርም። ቁስል ደግሞ እዚያ የሚያደርስ ሕመም ነው።

ኮፌ_ሰፈር
ስለ ማህተሙ ያልከው ጥሩ ነው። ማንም አይነግርህም።

የእግር_ሐኪም
ውይይቱ ሁሉ ጎዝና ፋሻ ላይ መዋሉ ያሳስበኛል። ሁለት ወር ያለፈው ቁስል በጠረጋ ብዛት አይድንም፤ ያልዳነበት ምክንያት አለ። ደብተሩ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠውም ምክንያቱን በመፈለጉ ላይ ነው፤ ሰው ግን አይጠይቅም።

እኚህ እናት ስኳር አላቸው፣ ቁስሉም ውስጥ እግር ላይ ከአውራ ጣት ሥር ነው። ይህ ቦታ በእርምጃ ሁሉ የሰውነት ክብደት የሚያርፍበት ነው። ነርቩ ደንዝዟል፣ አያማቸውም፣ ስለዚህ ይረግጡታል። በቀን ሦስት ጊዜ ቢታጠብም እየረገጡት አይድንም። ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሳት የሕክምናው ግማሽ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በልዩ መንገድ የሚጠቀለል ጄሶ አለ፤ እሱ ከሌለ ክራንች፣ ቁስሉ ቦታ ላይ የተቦረቦረ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ክፍት ጫማ፣ በተቻለ መጠን መቀመጥ። ስፖንጁ ቁስሉን ዙሪያውን ይከበው እንጂ አይሸፍነው። በየሳምንቱ ይታይ፤ ስለሚጫን ይሳሳል።

የሚከተሉትን በሪፈር ስትሄዱ አንሱ፤ ውል ባለው ተቋም ከተሠሩ ሁሉም ሽፋን ውስጥ ናቸው። በጾም ሆድ የሚለካ የስኳር መጠን፤ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራም ካለ ይሠራ። የእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት ኋላ ያሉት የደም ሥር ትርታዎች በእጅ መዳሰስ አለባቸው፤ ካልተገኙ ደም በበቂ ላይደርስ ይችላልና ጠባብ ፋሻ መጠቅለል ክልክል ነው። በንጹሕ መሣሪያ ቁስሉ ተነክቶ አጥንት ከተገኘ አጥንቱ ሳይመረዝ አልቀረም፤ ራጅ ይነሳል። ራጅ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። አጥንት የነካ መመረዝ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት መድኃኒት ይፈልጋል፤ በቆዳና በሥጋ ብቻ የቀረው ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል።

መቅላት፣ ሙቀት፣ እብጠት፣ መግል የሌለበት ቁስል ፀረ ተሕዋሲ አያስፈልገውም። ለእርግጠኝነት ብሎ ማዘዝ ገንዘብም ያባክናል፣ ተሕዋሲውንም ያለማምዳል።

መለኪያ ስጡ። በየሳምንቱ የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። በ4 ሳምንት ውስጥ ርዝመቱ በስፋቱ ተባዝቶ የሚገኘው መጠን በግማሽ ካልቀነሰ የሚደረገው ነገር መቀየር አለበት፤ ያንኑ እየደገሙ መቀጠል ትርጉም የለውም። ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የተገለበጠ፣ በቀላሉ የሚደማ ቁስል ናሙና ይወሰድለት፤ በተለይ በአሮጌ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ላይ የተነሳ ከሆነ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ጣት ጠቆረ፣ ሽታው ድንገት ከፋ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አለ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ወጣ ማለት ድንገተኛ ነው። ያን ጊዜ ሪፈር ፍለጋ ሰርቦ አይኬድም፤ ወደሚቀርበው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

አዌቱ_ማዶ
ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ስፖንጁ ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። እሳቸው ግን ይሰግዳሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ፋሻው ይረጥባል። ምን ይደረግ?

ፋሻና_ጎዝ
እርጥብ ፋሻ ከምንም ይብሳል፤ ቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ቁስሉም ይሰፋል። በሃይማኖቱ ለታሸገ ቁስል ፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ የተፈቀደ ነው፤ ዝርዝሩን ኡስታዛቸውን ይጠይቁ። ኡስታዙ ሲነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ይቀበሉታል፤ እናንተ ብትነግሯቸው ግን ይከፋቸዋል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሱሁርና ኢፍጣር ላይ የስኳር መድኃኒቱ ሰዓት ይቀየራል፤ ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ይያቸው፤ ቁስል ላለበት የስኳር ታማሚ ብዙ ጊዜ አይመከርም። የኦርቶዶክስ ጾም ለሚጾሙትም ቁስል ያለ ፕሮቲን አይሞላም፤ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ በየቀኑ ይብዛ።

የጅማ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ይረጥባል። ከቤት ሲወጡ ላስቲክ አልብሱት፤ እንደገቡ ግን ያውልቁት፤ ላስቲኩ ተዘግቶ ከቆየ ላቡ ያንኑ ያደርጋል።

ሰቃ_መንገድ
አንድ ጥያቄ ልጨምር። በባጃጅ ተገጭቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁስል የቆየበት ወጣት አለ፤ ደብተር አለው፤ ግን መድኑ አይሸፍንም ተባለ። ይሄ ትክክል ነው?

የመድን_ዴስክ
ትክክል ነው፤ ግን ለተሳሳተ ምክንያት ሲባል ይሰማል። የትራፊክ አደጋ ጉዳት በሌላ ሕግ የሚካስ ስለሆነ ከጥቅም ማዕቀፉ ውጭ ነው። ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ወጪው ከዚያ ይጠየቃል። የፖሊስ የአደጋ ሪፖርት ቁጥር፣ የሆስፒታሉ ማስረጃ፣ የባጃጁ ታርጋና የመድኑ ኩባንያ ስም ያስፈልጋል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትም እንዲሁ ነው፤ የሚከፍለው አሠሪው ነው።

ሌሎቹን የማይሸፈኑትንም በዚያው ልጥቀስ፤ ከቁስል ጋር የሚያያዙትን ብቻ። ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር ሕክምና፣ ከሕመም ጋር ያልተያያዘ የየጊዜው ምርመራ። ቁስልን ለመዝጋት የሚደረግ የቆዳ ንቅለ ሕክምና ግን ለውበት አይደለም፤ ሐኪሙ ምክንያቱን በግልጽ ይጻፍ፤ «የቆዳ ቀዶ ሕክምና» ብሎ ብቻ ከጻፈ ኦዲት ላይ ጥያቄ ይነሳበታል። ልብ በሉ፣ ይህ መድን ተቀጣሪ ላልሆነው የህብረተሰብ ክፍል ነው። የመንግሥት ሠራተኛውና ጡረተኛው የሚገባበት ማህበራዊ ጤና መድን ሌላ ነው።

ሊሙ_ልጅ
የእግር ማበጥ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ላይ የሚወጣውን ቁስልስ?

የእግር_ሐኪም
ስላነሳኸው ጥሩ ነው፤ ደጋማና ቀይ አፈር ያለበት ቦታ ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ሲሄዱ የሚመጣ እብጠት አለ። ተላላፊ አይደለም፣ በዘር የሚወረስ እርግማንም አይደለም። ሌላው ዓይነት በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። ሁለቱም ላይ ቁስሉ የሚወጣው ቆዳው ተሰነጣጥቆ ተሕዋሲ ስለሚገባበት ነው። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በተለይ በጣቶች መካከል፤ በደንብ ማድረቅ፤ ቫዝሊን መቀባት፤ ቁስሉ ከተዘጋና የደም ሥር ትርታው ከተገኘ ከጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት በፋሻ መጠቅለል፤ ማታ እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት፤ ካልሲና ጫማ። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው የሚደጋገመው ትኩሳቱና ቁስሉ ይቀንስለታል። ፋሻው ጣቶቹን ሰማያዊ ካደረገ ወይም ካደነዘዘ ወዲያው ይፈታ።

ከመድን ጋር የሚያያዘው ደግሞ ይህ ነው፦ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ደብተር ላለውም ለሌለውም ነጻ ነው። የደነዘዘ እግር ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ከስኳር አይደለም። ቆዳው ላይ የማይሰማው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ይመርመር፤ ብር አይጠየቅም።

ጊቤ_ፋርማሲ
ቤት ውስጥ ሳላይን መሥራት ይቻላል ወይ ብለው በውስጥ መስመር የጠየቁኝ አሉ። ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃ ለ5 ደቂቃ ይንተክተክ፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ላይ ሳይቆለል፣ ይጨመር፤ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ለብ ሲል ይታጠቡበት። በማግሥቱ የተረፈው ይደፋ። ማሰሮውና ማንኪያው ታጥቦ የተቀቀለ ይሁን። የሱቁ የግማሽ ሊትር ሳላይንም አንዴ ከተከፈተ ከ24 ሰዓት በኋላ አይቀመጥም፤ ገዝቶ ለሳምንት ማብቃቃት መመረዝን ማስገባት ነው።

የኢንሱሊን ጠርሙስ ከተከፈተ 28 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ብልቃጡ ውስጥ ቢተርፍም ኃይሉን ያጣል። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ብዙ ቦታ የማየው ግን ለጎዝ ተጨንቀው ኢንሱሊኑን በሙቀት የሚያበላሹትን ነው።

ፋሻና_ጎዝ
ቡና አገር ነውና ልናገር፦ የቡና ዱቄት ቁስል ላይ አይነሰነስም። ደሙን ያቆማል ብለው ያደርጉታል፤ ዱቄቱ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ከሥሩ መግል ይሰበስባል፣ እኛም ስንፈቅፈው ሥጋው አብሮ ይነሳል። ፍግና የሞቀ ዘይትም እንዲሁ። እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ የውኃ ሙቀት ሲለካ በክርኑ ይለካ፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ እግሩን አያስጠጋ። አያመውምና ሲቃጠል አያውቅም።

ደዶ_በር
አልጋ ላይ የዋለ አዛውንትስ? መቀመጫቸውና ተረከዛቸው ላይ ቁስል ወጥቷል፤ ጤና ጣቢያ ማድረስ አይቻልም። ደብተሩም የለም፤ ድሃ ናቸው።

የመድን_ዴስክ
ደብተሩን በተመለከተ፣ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። የሚለዩት በቀበሌ ደረጃ፣ በህብረተሰቡ ተሳትፎ ነው። ዝርዝሩ የሚወጣው በምዝገባ ወቅት ስለሆነ ከዚያ በፊት ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለጤና ኤክስቴንሽኗ ስማቸውን አስይዙ። ስማቸው ካልተያዘ በመሃል ዓመት ማስገባት ከባድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስለምትሄድ ሁኔታቸውንም ታያለች፤ ጤና ጣቢያም ታገናኛለች።

ፋሻና_ጎዝ
ለቁስሉ፦ በየ2 ሰዓቱ ጎን ይቀየርላቸው፤ ግራ፣ ቀኝ። ሌሊትም። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ ይግባ። ክብ ጎማ ቁስሉ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም፣ ዙሪያውን ያለውን የደም ዝውውር ያንቃል። አንሶላው አይሸበሸብ፤ ሽንትና ሰገራ ወዲያው ይታጠብ፣ ከዚያ ቫዝሊን። ቆዳው ቀልቶ ሲጫኑት ነጭ የማይሆን ከሆነ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል ማለት ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሱ። እነዚያን ቦታዎች አትሹ።

ኮፌ_ሰፈር
እሺ አሁን የወረቀቱን ጣጣ ንገሩን። ሰው ሁሉ የሚመለሰው በወረቀት ነው።

የመድን_ዴስክ
አብዛኛው መመላለስ ከስም ይመጣል። ደብተሩ ላይ ስም በቁቤ ሲጻፍ፣ ሪፈሩ ላይ በሌላ አጻጻፍ፣ ሆስፒታሉ ካርድ ላይ በሦስተኛ። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋቱማ ሦስት ሰው ይሆናሉ። ሪፈር ሲጻፍ ደብተሩን ፊቱ አስቀምጡለትና ፊደል በፊደል ይገልብጥ፤ የአያት ስም ከደብተሩ ጋር ይግጠም። የአባልነት ቁጥር፣ የሕመሙ ስም፣ ለምን እንደተላከ፣ ወዴት እንደተላከ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ክብ ማህተም። አንዱ ከጎደለ ሆስፒታሉ ሂሳቡን ስለማይከፈለው ይመልሳችኋል።

«የእግር ቁስል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሪፈር ደካማ ነው። «ስኳር ታማሚ፣ ውስጥ እግር ላይ ቁስል፣ 2 ወር፣ በጤና ጣቢያ ጠረጋ ያልተሻለው፣ ለራጅና ለቀዶ ሕክምና ግምገማ» ቢባል ተቀባዩ ሐኪምም ይሠራበታል፣ ኦዲተሩም አይጠይቅም። በሪፈር ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከመሄዳችሁ በፊት ወረዳችሁ ውል ያለው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አንሱ፤ ዋናው ካርድ ክፍል ሊቀር ይችላል።

አዌቱ_ማዶ
የመጨረሻ ጥያቄ። ሆስፒታሉ በየሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ቢሰጣቸው በየጊዜው ሰርቦ ሄደው አዲስ ሪፈር ማጻፍ አለባቸው?

የመድን_ዴስክ
ለተመሳሳይ ሕመም ሐኪሙ የሰጠው ቀጠሮ እስካለ ድረስ በቀጠሮ ወረቀቱ የሚቀጥሉበት አሠራር አለ፤ አንዳንድ ቦታ ግን ሪፈሩ ጊዜ ይገደብለታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መድን ዴስኩ ላይ «ይህ ሪፈር እስከ መቼ ያገለግላል?» ብላችሁ ጠይቁና ቀኑን ሪፈሩ ጀርባ ላይ ያስፍሩላችሁ። ቀጠሮው ካመለጠ ወይም ሌላ ሕመም ከመጣ አዲስ ሪፈር ነው። ሐኪሙ ጠረጋው በጤና ጣቢያ ይቀጥል ካለ መልስ ሪፈር ያጽፉ፤ ላዩ ላይ በየስንት ቀኑ እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚደረግበት፣ መቼ እንደሚመለሱ ይስፈር። የቀርሳ ደብተር ስለሆነ ያ ጤና ጣቢያ ሰርቦ ነው የሚሆነው፤ ንጹሕ ሥጋ ከጀመረና በየሦስት ቀኑ ከሆነ በሳምንት ሁለቴ ነው። ያ ካልተቻለ በመሃል ያለውን ጠረጋ ልጅየው ቤት ውስጥ በሳላይኑ እንዲያደርገው ነርሷ አንድ ቀን ታሳየው።

ፋሻና_ጎዝ
አሳየዋለሁ የሚል ነርስ አይጠፋም። ጓንቱን ይዞ ይምጣ፣ እጁን በሳሙና መታጠብ ግን ከጓንቱ በፊትም በኋላም ነው።